ሜትር

ከፊራ ገበያ፣ ከቅስቱ በር አጠገብ
አርባ ዓመት ለካሁ ትከሻና ወገብ።
የገባኝ ነገር አለ በዚህ ሁሉ ዘመን፦
ሰው ወገቡ ሲሰፋ የሚጠላው ማንን?
ሜትሩን ነው እንጂ! ሆዱን መች ሆነና!
«ሜትርህ ተኮማትሯል፣ እስቲ እንደገና፣»
ይለኛል ደንበኛው ሆዱን ወደ ውስጥ ጎትቶ።
እለካለሁ። ያው ነው። ይወጣል ተቆጥቶ።

የረምላም ነገር እንዲሁ ነው የጀመረ፦
ሐዲዱን ተሻግሮ፣ ሽቦ በታጠረ
ጠባብ ግቢ ውስጥ ነጩን ሣጥን ከፍታ
ጧት ጧት ሦስት ሰዓት፣ ደግሞም ወደ ማታ
ሙቀቱን ታያለች፣ ዝናቡን ትሰፍራለች፣
በሰማያዊ እስክሪብቶ ደብተር ላይ ታሰፍራለች።
እኛ በርጫ ላይ «የደመና ጸሐፊ» ብለን ስም አወጣን፤
«ደመናው ደመወዝሽን ከፈለሽ?» እያልን ቀለድን።
ከሁሉም አብልጦ የሳቀው እኔ ነኝ፣
ጉንጬ ቅጠል ሞልቶት፣ ወሬው እየጣመኝ።

አንድ ሐሙስ፣ የቀበሌው አዳራሽ ሲሞላ
ደብተሯን አቅፋ ተነሳች ረምላ።
«ሠላሳ ዓመት የተለካው እዚህ ተጽፏል፤
ሌሊቱ እንኳ መብረድ ረስቷል።
ዝናቡ ቀርቶ ቀርቶ፣ ሲመጣ በአንድ ሌሊት፣
እኛ ጋ ኮከብ ወጥቶ፣ ደንገጎ ሲጥልበት።
አሸዋው የደቻቱ አልጋ ነው፤ አትሥሩበት፣ ተዉት።»

አቶ ደምሰው ጮኸ፣ አሸዋው ላይ መጋዘን የጀመረው፦
«ድሬ መቼ በርዳ ታውቃለች? ከጥንት
ሙቀት ናት! ይልቅ ይቺን ሴት ማነው የከፈላት?
ስንት?»
አዳራሹ አጨበጨበ።
የኔም እጅ አብሮ አጨበጨበ።

በማግስቱ «ውሸታም» የሚል አጥሯ ላይ ተቀብቶ፣
የዝናብ መስፈሪያው ገራባ ተሞልቶ
ተገኘ። ለማየት ነበር የሄድኩት፣ ለወሬ።
የታሰረበትን ጨርቅ አየሁት፦
ቡናማ ቴትሮን፣ የመቀሴ ፍሬ፣
ጥርስ ጥርስ ያለው ጠርዙ፣
ከሱቄ ወለል የተለቀመ።

ረምላ አልተሳደበችም። ዕቃውን አጠበች፣
ደብተሯን ገለጠች፣
በዚያች ቀን ረድፍ ላይ «አልተለካም» አለች።

ይቺን ቃል አይቼ ቆሜ ቀረሁ በፀሐይ።
ውሸታም ብትሆን፣ ቁጥር ሊቸግራት ነው ወይ?
ማን ያውቅባት ነበር «ሦስት ሚሊ ሜትር» ብትል?
እኔ እንኳ ስንቴ በግምት ቆርጫለሁ፣ የዒድ የፋሲካ ሥራ ሲቸኩል!

ለሚቀጥለው ስብሰባ፣ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ
እጄን አወጣሁ። ጉልበቴ ከዳኝ፤ ቢሆንም ቆምኩ።
«አቶ ደምሰው፣ ሱሪህን የምሰፋው እኔ ነኝ።
አምና ዘጠና ስድስት ነበርክ፤ ዘንድሮ መቶ አራት ስልህ ሰደብከኝ።
ግን ልክህ ሆነ፤ ይኸው ተቀምጠህበታል ከነክብር።
በአምናው ቁጥር ሰፍቼው ቢሆን፣ ብድግ ስትል ይተረተር ነበር።
ይቺም ልጅ ለካች እንጂ ወንዙን አላሰፋችም።
ሰዎች፣ ገራባው የኛ ነው። ጨርቁ የኔ ነው። ሌላ አልልም።»

ዝም አሉ። መጀመሪያ የሳቀችው ድንች ሻጯ ኢፍቱ ናት።
ከዚያ ጡረተኛው የባቡር ሹፌር፣ ጋሽ ወርቅነህ፣
ቀስ ብሎ ተነሳ።
«በዚያ ጎርፍ ሁለት ጎረቤት ቀብሬያለሁ፣» አለ።
ተቀመጠ።

ሁሉም አልተለወጠም። አቶ ደምሰው ጨርቁን ይዞ
ሳቢያን ሌላ ሰፊ አገኘ። በርጫ ላይ ስሜ
«የደመና ልብስ ሰፊ» ሆኗል። የመጋዘኑም ግድግዳ ቆሟል።
ግን ኢፍቱ አጥሩን በኖራ ቀባችው፤ ሊበንም ማታ ማታ
ባጃጁን መብራቱ ወደዚያ እንዲያይ አዙሮ ያቆማል።
እኔ ለነጩ ሣጥን ሽፋን ልስፋ ብዬ ነበር።
«አይለብስም፣» አለችኝ ረምላ፣ «ከለበሰ ይሳሳታል።»

ዛሬ ጧት ሦስት ሰዓት ከአጥሩ ውጭ ቆሜያለሁ።
ጎንበስ ብላ አየች። «ዜሮ፣» አለች፤ ጻፈች።
ጠራችኝና እኔም አየሁት።
መስፈሪያው ባዶ ነው።
ገራባም የለበትም።